የመጀመሪያው እንቢ

ትርንጎ እንቢ ያለችው ደንቡን ጠብቃ ነው። ይህ ከሁሉ አስቀድሞ ይታወቅልኝ። ኋላ ሰፈርተኛው ኩራቷ ነው ያጠፋት፣ ደንግጣ ነው፣ ዕድሜ ተጫጭኗት ነው ያላለው የለም። ሁሉም ሐሰት ነው። ትርንጎ አምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ስንት ጋብቻ ሲፈርስና ሲጠገን፣ ስንት ደም ሲደርቅ አይታለች፤ ነገር እንዴት እንደሚመለስ የሚያስተምራት ሰው አትሻም። ጥፋቷ ደንቡን ማወቋ ነው። ባታውቀው ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር።

ነገሩ የአንዲት ማሳ ነገር ነው። ከጋፋት ወጣ ብሎ፣ ከምንጩ በላይ፣ ሟቹ ባሏ ውቤ ድንጋዩን በዶማ እየፈነቀለ፣ በጀርባው እየተሸከመ ያቀናት የገብስ ማሳ ነች። ሰፊ አይደለችም። ግን ውቤ ከሞተ ወዲህ ትርንጎ የምትኖረው በእሷ ነው። መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከምርቱ ግማሹን ትወስዳለች፤ አራሹ ወርቁ ደግሞ እቅጩን ነግሯታል። የቀረው መሬትሽ ገደላ ገደል ነው፤ የምንጩ በላይ ማሳ ካለች አርሳለሁ፣ ከሌለች በሬዎቼን ይዤ ወደ ሌላ እሄዳለሁ ብሏታል። ስለዚህ ማሳዋ ከሄደች ትርንጎም ሄደች ማለት ነው። ቤቷን ዘግታ አንበሳሜ ልጇ ዘንድ ትገባለች፤ በአማች ፊት፣ ቁራሽ እየተቆረሰላት። ሞትን እንደዚህ አትፈራም።

የከሰሳት ሩቅ ሰው ቢሆን ባልከፋ። የከሰሳት ዋርሳዋ፣ የውቤ ታናሽ ወንድም ዓለምነው ነው። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት የመሬት ልኬታ በመጣ ጊዜ ማሳዋ በእሱ ደብተር ላይ ተጻፈች። እንዴት እንደተጻፈች ትርንጎ አታውቅም። ያን ሰሞን ውቤ ጎንደር ሐኪም ቤት ተኝቶ እሷ እያስታመመች ነበር። ውቤ ድኖ ተመለሰ፣ ማሳውን እንደ ዱሮው አረሰ፣ ማንም ምንም አላለው። ደብተሮቹም በየሳጥናቸው ተኙ። ውቤ ከሞተ በሦስተኛው ዓመት ነው የዓለምነው ትልቁ ልጅ አንዱአምላክ የአባቱን ደብተር ገልጦ ያነበበው። ከዚያ ወዲያ በዓለምነው ቤት ሌላ ወሬ ጠፋ፤ ክሰስ፣ መሬታችንን አስመልስ ብቻ ሆነ። ዓለምነውም ከሰሰ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ትርንጎ የታጠበ ነጠላዋን ለብሳ ደብረ ታቦር ገባች። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናቸው፤ አነጋገራቸው የሩቅ ከተማ ሰው ነው፣ ፊታቸው ግን አይከፋም። መዝገቡን ገለጥ አደረጉና መጀመሪያ ተከሳሽን ልጠይቅ አሉ።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ እርስዎም ከሳሽም ሁለት ሁለት ሽማግሌ መርጣችሁ በሽምግልና የመዳኘት መብት አላችሁ። እነሱ የጨረሱትን ፍርድ ቤቱ ያጸድቀዋል። ይህን ይፈልጋሉ፣ ወይስ ክርክሩ እዚሁ ይቀጥል?»

የትርንጎ ልብ በደስታ ዘለለ። ስእለት ተስላ የመጣችው ለዚሁ ነው። የምንጩ በላይ ማሳ የማን እንደሆነ ደብተር ባያውቅ ሽማግሌ ያውቃል፤ ውቤ ድንጋይ ሲሸከም ያዩ ዓይኖች ገና አልጠፉም። ግን ደስ አለ ተብሎ ዘሎ እሺ አይባልም። በእኛ አገር የተበደለ ሰው ታረቅ ሲሉት በመጀመሪያው ቃል እሺ አይልም። እሺ ካለማ በደሉ ከመጀመሪያውም በደል አልነበረም፣ ወይም ራሱ በደለኛው እሱ ነው። መጀመሪያ እንቢ ይላል። ሽማግሌዎቹ ብድግ ይላሉ፣ ግን አይሄዱም፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ሁለተኛ ይለምናሉ፤ ዝም ይላል። በሦስተኛው፣ እናንተን አፍሬ፣ ስለ መድኃኔ ዓለም ብዬ ብሎ ይሸነፋል። ይህን ያልጠበቀ ሰው ክብር የለውም፤ የሟቹንም ስም ያቀላል።

ትርንጎ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች፤ ድምጿም አማረላት።

«አልፈልግም። የውቤን ላብ ለሽምግልና አላቀርብም።»

አለችና ሁለተኛውን ልመና ጠበቀች። ዳኛዋ ግን ወደ ጸሐፊው ዘወር አሉና ጻፍ አሉት። ተከሳሽ በሽምግልና የመዳኘት መብታቸውን እንደማይጠቀሙበት በችሎት ስላረጋገጡ፣ ክርክሩ በዚሁ ፍርድ ቤት እንዲቀጥል፣ ተከራካሪዎቹም ለታኅሣሥ ሃያ ምስክሮቻቸውን እንዲያቀርቡ። ጸሐፊው ጻፈ። የሚቀጥለው ባለጉዳይ ስም ተጠራ።

ትርንጎ አልተንቀሳቀሰችም። ብድግ ማለታቸው ይሆናል፣ አሁን ይመለሳሉ ብላ ነው። የችሎቱ አስከባሪ ክንዷን ይዞ፣ እማማ ጨርሰዋል እኮ ቢላት፣ የቱን ጨረስኩ ብላ ሰውየው ላይ አፈጠጠችበት። ወጥታም ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ዳኛዋ ለምሳ ሲወጡ ይጠሩኛል አለች፤ ዳኛዋ ለምሳ ወጡ፣ በጎን አለፉ፣ አልጠሯትም። ከሰዓትም ተቀመጠች። ዓለምነውም ከበሩ ላይ ቆሞ አልሄደም። ውድቀቴን ሊያይ ነው የቆመው፣ ምቀኛ፣ አለች በልቧ።

መንደሯ ስትደርስ በቀጥታ አያ ሙሉሐብት ዘንድ ሄደች። አያ ሙሉሐብት ሰማንያን የተሻገሩ፣ በአካባቢው ያላስታረቁት ጥል የሌለ ሽማግሌ ናቸው። ምን አልሽ አሏት። እንቢ አልኩ አለቻቸው። ደግ አደረግሽ፣ እንዲያ ነው እንጂ አሏት። ከዚያስ? ከዚያማ ምንም። ሁለተኛ አልጠየቁሽም? አልጠየቁኝም። አያ ሙሉሐብት ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና፣ መንግሥት ሥራ ይበዛበታል፣ ሰው ይልካል አሉ።

እሷም አመነች። ምን ታደርግ? ሽማግሌ ሊላክባት ነዋ። ቤቷን ለቀለቀች፣ ጠላ ጠመቀች፣ መደቡ ላይ አዲስ አጎዛ አነጠፈች። ለሦስተኛው ልመና የምትለውን ሁሉ በልቧ አሰናዳች። አንድ ሳምንት ሆነ፣ ሁለት ሳምንት ሆነ። የመጣ የለም። ጠላው ሆመጠጠ፤ ለጎረቤት ጥጃ ሳይቀር ተሰጠ። ትርንጎ ግራ ገባት። እንቢታዬ አነሰ ይሆን? በዛ ይሆን? ዓለምነው ቀድሞ ሄዶ አስቀርቶብኝ ይሆን? እንዲህ እያለች ስታወጣ ስታወርድ ወገቧ ጎበጠ።

ቀጠሮው ሲቃረብ፣ እንግዲያው ምስክር መሆንዎ አይቀርም ብላ አያ ሙሉሐብትን ለመነቻቸው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የጠመመባት።

«ለሽምግልና ጥሪኝ እንጂ ለምስክርነት አትጥሪኝ» አሏት። «ምስክር አንዱን አንሥቶ አንዱን ይጥላል። ሽማግሌ ሁለቱንም ያነሣል። በዚህ ዕድሜዬ መስቀል ጨብጬ የጎረቤቴን ልጅ አልጥልም።»

ሌሎቹም እንዲሁ አሉ። ሽማግሌ ሆነው ቢቀመጡ፣ ማሳው የውቤ ነው፣ አንተ ዓለምነው ተው ለማለት አንዳቸውም አይፈሩም፤ ይህ ሥራቸው ነው። ምስክር ሆኖ መቆም ግን ነውር ነው፣ ልጅ ልጅን ደም የሚያቃባ ነው። በትርንጎ እጅ እንግዲህ ምን ቀረ? ምንም። በዓለምነው እጅ ደብተር አለ፤ በእሷ እጅ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ማንም የማይናገረው እውነት ነው።

ከቀጠሮው ሦስት ቀን ቀደም ብላ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ቤት ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ትእዛዝ የሚባል ሰው ዘንድ ሄደች። ትእዛዝ ቀጭን፣ ነገር የሚገባው፣ ትንሽ አፉ የሚጎረብጥ ሰው ነው። የዳኛዋን ብይን ግልባጭ አነበበላትና፣ እናቴ፣ መብትዎን ትተዋል አላት። ማን ተወ? እርስዎ። መቼ? ያን ዕለት፣ አልፈልግም ሲሉ።

«በአንድ እንቢታ?» አለችው።

«ፍርድ ቤት አንድ ጊዜ ነው የሚጠይቀው።»

ትርንጎ በመጀመሪያ አልገባትም። ደጋግሞ ነገራት። በገባት ጊዜ ደግሞ የባሰ ግራ ገባት። ሰው እንዴት በመጀመሪያው ቃሉ ይያዛል? የመጀመሪያ ቃል እኮ በር ማንኳኳት ነው፤ ቤት መግባት አይደለም። ትእዛዝ ሳቅ ሲይዘው አያትና አቀርቅሮ ዋጠው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው እናቴ፣ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው ነው የሆነብዎ አላት። ተናደደችበት፤ ግን እውነቱን ነው። ከዚያ ቀናውን ነገራት። አቤቱታ ይጻፋል፤ እንቢ ያልኩት ደንብ ጠብቄ እንጂ ከልቤ አይደለም ተብሎ። ነገር ግን የተተወ መብት የሚመለሰው ሌላው ወገን ሲፈቅድ ነው። ዓለምነው እሺ ካለ ወደ ሽምግልና ይመለሳል፤ እሺ ካላለ አለቀ።

ይህን ስትሰማ ተስፋዋን ሁሉ ውሃ በላው። ደብተር በእጁ የያዘ ሰው፣ ልጆቹ በግራና በቀኝ የሚገፉት ሰው፣ ምን ቆርጦት እሺ ይላል? ያም ሆኖ አቤቱታው ይጻፍ አለች። ስትወጣ የአንበሳሜውን መኪና መነሻ አየች። የትኞቹን ዕቃዎች ለልጇ ቤት ይዛ እንደምትሄድ ማሰብ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

ታኅሣሥ ሃያ ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ዳኛዋ አቤቱታውን ለራሳቸው አነበቡ። አንዴ አነበቡ፣ ደገሙ። ቀና ብለው ትርንጎን ሲያይዋት የሚቆጡ መስሏት ነበር፤ አልተቆጡም።

«የጻፉት ገብቶኛል» አሏት። «ግን እርስዎም ይረዱኝ። ሰው አልፈልግም ሲለኝ ሁለተኛ ሦስተኛ ብጨቀጭቀው፣ ከልቡ ያልፈለገውን አስገድጄዋለሁ። ሕጉ አንድ ጊዜ የሚጠይቀው የሰውን ቃል አክብሮ ነው።»

ትርንጎ ይህንንም አሰበችው። እውነት አለው። የእኛም ደንብ እውነት አለው። ሁለት እውነት ተጋጭቶ መሐል ቤት እሷን ሲፈጫት፣ የቱን ትሳደብ?

ዳኛዋ ወደ ዓለምነው ዞሩ። የተከሳሽን አቤቱታ ሰምተዋል፣ ጉዳዩ ወደ ሽማግሌ እንዲመለስ ይፈቅዳሉ ወይ ብለው ጠየቁት። ዓለምነው ተነሣ። በአምሳ ዓመቱ የሰባ ዓመት ሰው መስሏል። አንዱአምላክ ከኋላው ኮቱን ያዝ አደረገው። ትርንጎ ዓይኗን ጨፈነች። እንቢ ይላል፤ እንቢ ማለቱ አይቀርም። የጨነቃት ሌላ ነው፤ እንቢ ሲል የደንብ እንቢ ይሁን የልብ እንቢ ይሁን በምን አውቃለሁ? ዳኛዋ እንደሆኑ ደግመው አይጠይቁትም።

«እሺ» አለ ዓለምነው።

ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው። ችሎቱ ውስጥ የተቀመጠው የአገር ሰው ሁሉ ተያየ። ከሳሽ የሆነ ሰው፣ ተበደልኩ ብሎ የመጣ ሰው፣ ሳይለመን፣ ሳይለማመጥ፣ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ? አንዱአምላክ የአባቱን ኮት ለቀቀው። ዳኛዋ ብቻ ምንም እንግዳ ነገር አልታያቸውም፤ ጻፍ አሉ፣ ተጻፈ፣ ሽማግሌ መምረጫ ቀን ተቆረጠ። ትእዛዝ ከኋላ ሆኖ እልል ይበሉ የሚል ምልክት ለትርንጎ ሰጣት። እሷ ግን እልልታውም አልመጣላት። ደስታ ይሁን ድንጋጤ አላወቀችውም። ይህ ሰው ምን ሆኗል?

ውጭ አንዱአምላክ አባቱን ምንም ሳይናገረው በባጃጅ ሄደ። ዓለምነው ከግንቡ ሥር ብቻውን ቀረ። ትርንጎ መንገዷን ልትይዝ አስባ እግሯ እንቢ አላት። ሄዳ ፊቱ ቆመች። አባብላ ያሳደገችው ዋርሳዋ ነው፤ በመካከላቸው አንቱታ የለም።

«አንተ፣ ምን ሆነህ ነው?»

ቀና ሳይል፣ ያን ዕለት አንቺን ሁለተኛ ይጠይቁሻል ብዬ እስከ ማታ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ ሦስተኛው ላይ እሺ ስትይ እኔም እሺ ልልና ልገላገል ነበር አላት። ለልጆቼ ሽማግሌ ፈረደብኝ ማለት እችላለሁ፣ ዋሽቼ ነበር ማለት ግን አቃተኝ አላት። ምኑን ነው የዋሸኸው ብትለው፣ የልኬታውን ቀን ነገራት። ለኪዎቹ መጡ፤ ባለቤቱ ያልቆመበት መሬት የወል ተብሎ ይጻፋል አሉ። ውቤ ጎንደር ተኝቷል። የምንጩ በላይ ማሳ ላይ ሲደርሱ ይሄ የማን ነው ብለው ጠየቁ።

«የእኔ ነው አልኩ» አለ ዓለምነው። «ለውቤ ላተርፍለት ነው፣ በአባታችን እምልልሻለሁ። ከቆመው ሰው አንዱ፣ ይሄማ የውቤ ነው፣ እስቲ ደግመህ ተናገር ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አያ ሙሉሐብትም ቆመዋል፤ የወንድማማች ምክር መስሏቸው ዝም አሉ። ሁለተኛ የጠየቀኝ የለም። ጻፉት።»

ለምን ለውቤ አልነገርከውም አለችው። ሊነግረው ብዙ ጊዜ መጥቷል፤ ደጁ ላይ ደርሶ፣ ስለ በሬ ስለ ዝናብ አውርቶ ተመልሷል። በመጀመሪያው ዓመት ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ አለ። በሁለተኛው አፈረ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ እትዬ፣ ጎመጀሁ አላት። ደብተሩ ላይ ተጽፎ ሳየው የእኔ መሰለኝ።

ትርንጎ በጥፊ ልትለው እጇ ተነሣ፤ እዚያው አየር ላይ ቀረ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአንድ መሶብ ሲበላ ይህን በሆዱ ይዞ! ውቤ ሲታመም ያስታመመ፣ ሬሳውን የተሸከመ ሰው! ትጥላው፣ ትዘንለት፣ አላወቀችም። መንገደኛው ይተላለፋል፣ ባጃጁ ይጮኻል፣ የሚሰማቸው የለም።

«እንግዲያው እኔ ልጠይቅህ» አለችው። «ማሳው የማን ነው?»

የዓለምነው ከንፈር ብቻ ተንቀሳቀሰ። ትርንጎ አልሄደችም፤ ቆማ ጠበቀችው።

«ዓለምነው፣ ማሳው የማን ነው?»

«የውቤ ነው» አለ።

የወንድሙን ስም ጠርቶ አልጨረሰም፤ ከግንቡ ሥር ዘፍ አለ። በቀብሩ ቀን ሰው ሁሉ ደረት ሲደቃ እሱ ብቻ ዓይኑ ደርቆ ቆሞ፣ ጨካኝ ነው ተብሎ ታምቶ ነበር። አሁን በጠራራ ፀሐይ፣ በፍርድ ቤት ደጅ፣ ወንድሜን፣ ወንድሜን እያለ አለቀሰ። ትርንጎም አጠገቡ ቁጭ ብላ እስኪወጣለት ድረስ ቆየች።